ሶስና ዛሬ የበላችው

የካቲት 19፣ ረቡዕ። ከጠዋቱ 1፡40

የአጃ አጥሚት ግማሽ ኩባያ። ድንች ሁለት ጉርሻ፤ ሦስተኛውን ተፋችው። ጡት ሌሊት ሦስት ጊዜ። የክርኗ እጥፋት ሁለቱም ቀይ፣ የግራው እርጥብ። ከጉልበቷ በስተኋላ ሻካራ። ጉንጯ እንደ ትናንቱ። ስታክ አደረች፣ እኔም እጇን ስይዝ አደርኩ።

ደብተሬ፣ ከተዋወቅን ዛሬ ሦስተኛ ቀናችን ነው። እስካሁን ያወራሁህ ስለ ድንች ብቻ ነው፤ አትቀየመኝ። መሄድ አለብኝ። ሶሲን ለባለ ሱቋ ጎረቤቴ ለዘሃራ ሰጥቼ ወደ መ/ቤት።

የካቲት 20፣ ሐሙስ። የምሳ ሰዓት

ዛሬ ችሎት የለም። መዝገብ ቤቱ ጭር ብሏል። ለምን እንደተገዛህ ልንገርህ፤ ማንም ቢሆን ምክንያቱን ሳያውቅ ሥራ አይወድም።

ልጄ ሶስና ዓመት ከዘጠኝ ወሯ ነው። ቆዳዋ መቆጣት የጀመረው በሦስት ወሯ። ጤ/ጣቢያ ወሰድኳት፣ እከክ ነው ተባለ። እኔ፣ ባሌ ደረጀ፣ እሷ፣ ሦስታችንም በድኝ ቅባት ተለቀለቅን፤ አንሶላ ተቀቀለ። ባሰባት። ሁለተኛው ባለሙያ ጭርት አለ። ሦስተኛው ሙቀት ነው አለ። ሙቀት! መካነ ሰላም ላይ፣ በታኅሣሥ!

በያዝነው የካቲት አቀስታ እናቴ ዘንድ ሄድን። የላም ወተት አንድ ኩባያ ጠጣች። ቡናው ሳይፈላ ከንፈሯ አበጠ፣ ገላዋ ተንደረከከ፣ ድምጿ ተዘጋ። ያን ቀን የፈራሁትን ያህል በሕይወቴ ፈርቼ አላውቅም። በማግስቱ ደሴ።

የደሴው ዶ/ር ልጅ እግር ነው፣ ግን ታጋሽ። ችፌ ነው አለ። ችፌና አለርጂ ብዙ ጊዜ አብረው ይመጣሉ አለ። ወተትን ጠርጥሯል፣ ምናልባትም ዕንቁላልን። የደም ምርመራው እዚህ የለም፤ ምርመራው ይህ ደብተር ነው አለኝ። አራት ሳምንት ወተትና ወተት ነክ ነገር፣ ዕንቁላልም፣ ለእሷም ለእኔም የለም፤ ጡት ስለምትጠባ። የበላችውን በየቀኑ ልጽፍ፣ ቆዳዋን ልጽፍ። ከተሻላት አወቅን ማለት ነው። ካልተሻላት ምግብ አይደለም፣ አዲስ አበባ ትሄዳለች። እስከዚያው ስስ ቅባት መድኃኒት ጠዋት ማታ፣ ቫዝሊን ቶሎ ቶሎ፣ ለማሳከኩ ሽሮፕ። ከንፈሯ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠራት ሳልውል ሳላድር ሆስፒታል።

ስንመለስ ዐቢይ ጾም ሊገባ ነበር። ደስ አለኝ። ዶ/ሩ ያዘዘውን ቤተ ክርስቲያን ቀድማ አዝዛልኛለች። ድስቱን፣ ሰሃኑን፣ ጭልፋውን በአመድ ፈገፈግኩ። ከኔ ቤት የጸዳ ላቦራቶሪ ደሴም የለ።

የካቲት 23፣ እሑድ። ከሰዓት

ምስር ወጥ በትንሽ እንጀራ። ሙዝ አንድ። አጥሚት። ክርን ያው። አንገቷ ላይ አዲስ ቀይ ወጥቷል።

ደረጀ ትናንት ከወግዲ መጣ፤ እዚያ ያስተምራል፣ ቅዳሜ መኪና ካገኘ ይመጣል። ልጁን አገላብጦ አየና ብርድ ነው አለ። የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ በምን አሰላው አልኩት። ሳቀ። እማዬ ስልክ ደወለች፣ ምች ነው አለች። የዳማከሴ ቅጠል ልላክ አለች። አትላኪ አልኩ። የላከችው ግን ደርሷል፦ ሽሮ፣ አጃ፣ ለሶሲ ገላ የሚሆን ለጋ ቅቤ፣ የሱፍ ካልሲ። ካልሲው ያሳክካታል፣ አስቀመጥኩት።

ትናንት ሮመዳን ገባ። ዘሃራም እኔም ጿሚ ሆንን። በጎረቤታችን ምሳ የሚበላ ሰው ጠፋ ብለን ተሳሳቅን።

ትናንት ማታ ለብ ባለ ውሃ አጥቤ፣ ቀባብቼ አስተኛኋት።

የካቲት 27፣ ሐሙስ። ከጠዋቱ 1፡30

አጥሚት። ድንች። የተፈጨ ሽምብራ ትንሽ። ጡት።

ጾሙ ከገባ አሥራ አንድ ቀን። መድኃኒቱ ሲቀባ ቀን ይቀንሳል፣ ጠዋት ስትነሳ ግን ደግሞ ቀይ። ምን ማለት ነው? ሌሊት ምን ትበላለች? ጡቴን ብቻ። እኔ ምን በላሁ? ሽሮ፣ ሽሮ፣ ሽሮ። እናቷ ሽሮ ሆናለች እኮ። ሽሮው ይሆን እንዴ? ሽምብራው? አጃው? አንዱን ከሌላው መለየት አቃተኝ። ዝም ብዬ እጽፋለሁ።

የካቲት 30፣ እሑድ። ከሰዓት

ባሰባት። የግራ ክርኗ ደማ። አንገቷ ዙሪያውን ቀይ። ከቅዳሴ ስመለስ ሰው ሁሉ ያያታል። አንዷ፣ ልጅቷን ሰው አይቶብሽ ነው፣ አንገቷ ላይ አንድ ነገር እሰሪላት አለችኝ፤ ምን እንደማስርላት ግን አልነገረችኝም። ሌላዋ ጸበል አለች። ጸበሉም ወስጃታለሁ፤ ቀዝቃዛ ነው፣ ለጊዜው ማሳከኩን ያስታግሰዋል። እሱንም ጽፌያለሁ፤ ምን ዓምድ ውስጥ እንደሚገባ ባላውቅም።

እኔ ወተት የለኝም። ዕንቁላል የለኝም። ቤቴ ንጹሕ ነው። ታዲያ ከየት?

ሶሲ በቀን ስምንት ሰዓት ከኔ ጋር አይደለችም።

ይህን ዓረፍተ ነገር ከጻፍኩ በኋላ እጄ ቆመ። ዘሃራን ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ አውቃታለሁ። ዓረብ አገር ስድስት ዓመት ስትኖር እንኳ ተለያይተን አናውቅም። ሶሲ ስትወለድ ገንፎዬን ያገነፋችው እሷ ናት። ግን እሷ ቤት ወተት አለ። ለማፍጠሪያ ይገዛሉ። ሮመዳንን የሚጾም ሰው የሕፃን ሆድ ባዶ ሆኖ ማየት አይችልም፤ ታሳዝናታለች ብዬ አስባለሁ። ለክፋት አላልኩም።

መጋቢት 2፣ ማክሰኞ። የምሳ ሰዓት

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ሳላሳውቅ ሄድኩ። ሱቋ ክፍት ነው። ሶሲ ከረጢት ላይ ተኝታለች። ከኋላ ማድጋው አጠገብ ኩባያ ተደፍቷል፣ ገና እርጥብ ነው፣ ጠርዙ ላይ የወተት ምልክት። ሮመዳን ነው። እኩለ ቀን ነው። ዘሃራ አትጠጣም። ልጇ ሐያት ት/ቤት ናት። ማን ጠጣው?

ኩባያው የማን ነው አልኳት። የማን ይሁን ትያለሽ አለችኝ። ከዚያ የመጣልኝን ሁሉ ተናገርኩ። እንዴት እንደተናገርኩ አልጽፍም። ክርኗን ገልጬ አሳየኋት። ሰዎች ስኳር ሊገዙ ቆመው ነበር።

እሷ ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «አታቅምሻት ብለሽኛል፣ አላቀመስኳትም። ሮመዳን ይዤ ልዋሽሽ?» አለች። የሶሲን ልብስ አጣጥፋ፣ ከኩባያዋ ጋር ቦርሳው ውስጥ ከትታ፣ ዚፑን ዘግታ ሰጠችኝ።

ቦርሳው እግሬ ሥር ነው። ሶሲ ጭኔ ላይ። ፍ/ቤት ነኝ።

መጋቢት 4፣ ሐሙስ። ከሰዓት፣ መ/ቤት

ሩዝ። ካሮት። አጥሚት። ሁሉንም በእጄ አበላኋት።

ሶሲ የምትውለው የተዘጉ መዝገቦች ክምር ላይ በተነጠፈ ጋቢ ነው። አንድ የድንበር ክርክር ላይ ሸናችበት፤ ደግነቱ ይግባኝ የለውም። ኃላፊዬ እስከ መቼ ነው ብሎ ጠየቀ። እስኪለይ አልኩት። ምን እስኪለይ እንደሆነ አልጠየቀም፣ እኔም አላብራራሁም።

ከዘሃራ ከራቀች ሁለት ቀን። ቆዳዋ አልተሻለም። ጊዜ ይፈልጋል ይሆናል። ደርቋል፣ ይሰነጠቃል። ከዛሬ ጀምሮ ጠዋትም ማታም አሻታለሁ።

መጋቢት 7፣ እሑድ። ከጠዋቱ 4፡00

ባሰ። ጆሮዋ ሥር ተሰንጥቋል። ከኔ እጅ ውጪ የበላችው አንድ ነገር የለም። የጻፍኩትን ከመጀመሪያው አነበብኩ። ድንች በበላችበት ቀን ቀይ፣ ባልበላችበት ቀን ቀይ። ሙዝም እንዲሁ። ሩዝም እንዲሁ። ራሴን ያዝኩ። ልጄን ማስታመም ነው ወይስ ዕጣ ማውጣት? አዲስ አበባ ማን ዘንድ እናርፋለን? እዚያስ ምን ሊሉን ነው? ምናልባት ሌላ ድኝ።

አለቀስኩ። ሶሲ እንባዬን በመዳፏ ጠረገችው፤ መዳፏ ሻካራ ነው።

የእማዬ ቅቤም አለቀ። ደወልኩላት፣ ሰሞኑን ከአቀስታ የሚመጣ መኪና የለም አለች።

መጋቢት 12፣ ዓርብ። የምሳ ሰዓት

ደብተሬ፣ ተቀምጠህ ስማኝ። ተሻላት!

ሌሊቱን አንድ ጊዜ ብቻ ነቃች። አንገቷ ነጣ፣ ማለቴ ወደ ራሱ መልክ ተመለሰ። የግራ ክርኗ ቅርፊት ይዟል። ትናንት ማንንም ሳታክ ኳስ ተጫወተች፤ አብዛኛውን ጊዜ ስታክ እኔንም ታክከኛለች። ከረቡዕ ጀምሮ ነው ያየሁት፤ እንዳላስደነብረው ብዬ ነው ያልጻፍኩት።

ስለዚህ ዘሃራ ነበረች። ከሷ ከራቀች አሥር ቀን፤ ወተቱ ከገላዋ ወጣ። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ደስታዬና ንዴቴ አንድ ላይ መጡብኝ፣ የትኛውን አስቀድሜ እንደምይዝ አላውቅም። ልጅ አሳልፎ ለሰው መስጠት እንዲህ ነው። እሷ ግን ለምን ዋሸችኝ? ይህ አልገባ ብሎኛል።

መኪና ተገኘ። የእማዬ ዕቃ ማታ ይደርሳል።

መጋቢት 13፣ ቅዳሜ። ከቀኑ 9፡00

ጠዋት 3 ሰዓት። ፀሐይ ጥሩ ነበር። ደጅ ላይ በትልቁ ሳፋ አጠብኳት። ደረቀች። ቆዳዋ ጥሩ ነበር፣ በእግዚአብሔር፣ ጥሩ ነበር። አዲሱን ቅቤ በመዳፌ አሙቄ ጀርባዋን አንድ ጊዜ፣ ክንዷን አንድ ጊዜ፣ ሆዷን ገና ስጀምር ከቤት ስልክ ጮኸ። ደረጀ ነው። አውርቼ ተመለስኩ።

ጀርባዋ ላይ እጄ አለ።

አምስት ጣት ከነመዳፉ፣ ቀይ፣ ያበጠ፣ ሳማ የነካው ይመስላል። ክንዷ ላይ አውራ ጣቴ ያረፈበት። ሆዷ ላይ ሦስት ጣት፤ ከዚያ በታች ቆዳዋ ደህና፣ ምክንያቱም እዚያ አልደረስኩም። የራሴን እጅ አስጠጋሁት። ልክክ አለ።

በጋቢ ጠቅልዬ ሆስፒታል ሮጥኩ። ትንፋሿ ደህና ነው አሉ፤ ከንፈሯም አላበጠም። ገላዋን በሳሙና አጠቡልኝ፣ መርፌ ወጓት፣ እስከ ሰባት ሰዓት አይናችን ሥር ትቆይ አሉ። ቆየን። ጣቶቼ አንድ በአንድ ከጀርባዋ ላይ ሲጠፉ እያየሁ ተቀመጥኩ።

እጅ ከፍንጅ። ፍ/ቤት ስንት ዓመት ሠርቻለሁ፣ እንዲህ ያለ ማስረጃ አይቼ አላውቅም።

መጋቢት 15፣ ሰኞ። ከጠዋቱ 5፡00

ደሴ ደወልኩ። ዶ/ሩ ሰማኝ። ከመቼ ጀምሮ ትቀቢያታለሽ አለ። ከተወለደች፤ ቆዳዋ ከደረቀ ወዲህ ደግሞ በየማታው። የመጣችሁ ዕለት ምን ትቀቢያታለሽ ብዬ ጠይቄሽ ነበር፣ ቫዝሊን አልሽኝ አለ። እውነት ነው። ስለ መድኃኒት የጠየቀኝ መስሎኝ ነው። ቅቤ መድኃኒት ነው እንዴ? ቅቤ ቅቤ ነው።

አልበላችውም እኮ አልኩት፤ እንደ ሞኝ። በተሰነጠቀ ቆዳ ይገባል አለ፣ እጇንም ትልሳለች አለ። ወተት ነው ችግሯ፣ አሁን ብዙ አልጠራጠርም አለ። የዕንቁላሉን በኋላ እናየዋለን። አራቱ ሳምንት ከዛሬ ይቆጠር። ወተት እስኪፈቀድላት ድረስ ቤት ውስጥ አልሞክርላት፣ የሚሞከረው ሆስፒታል ነው። አዲስ አበባ አሁን አያስፈልግም።

እፎይ አልኩ፤ ወዲያው ደግሞ እፎይታዬ ጠፋ። ሳሰላስለው ያረፈድኩት ይህን ነው፦ ጾም የሚገደፈው በጉሮሮ በሚያልፍ ነው። ቅቤ ራስ ላይ ቢደረግ፣ ገላ ላይ ቢታሽ፣ አይገድፍም። እኔ የዶ/ሩን ትእዛዝ በጾም ሕግ ነው የጠበቅሁት። ደብተር ሙሉ የጻፍኩት የገባውን እንጂ የነካትን አይደለም። የካቲት 23 ላይ ቅቤው ተጽፏል፤ በካልሲና በሽሮ መሃል፣ የጓዝ ዝርዝር ውስጥ።

ባሰባት ስል የጨመርኩላት እሱን ነበር። ጠዋትም ማታም።

እማዬን ደውዬ አልነገርኳትም። ቅቤዋን ለልጅ ልጇ ስትንጥ ነው የከረመችው።

መጋቢት 19፣ ዓርብ። የምሳ ሰዓት

አጥሚት፣ ድንች፣ ምስር። ቫዝሊን አምስት ጊዜ። ክርን ደህና፣ አንገት ደህና። ሌሊቱን ሙሉ ተኛች፤ እኔ ግን ልማድ ሆኖብኝ ነቅቼ ቀረሁ።

ጠዋት በዘሃራ ደጅ አለፍኩ። በዚያ በኩል ባላልፍም ይሆን ነበር፤ መንገድ ለወጥኩ መስሎ እንዳይታይብኝ ነው። አባቷ ጋሽ ሰይድ በረንዳው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው። እጃቸው ላይ ያ ኩባያ። ወተት። ከታመሙ ሁለት ወር አልፏቸዋል፤ ሐኪም ጾም ከልክሏቸዋል። ይህን አውቃለሁ! እግዚአብሔር ይማርዎ ልል ሄጃለሁ። ያን ቀን ግን ዘሃራ ትጾማለች፣ ሐያት ት/ቤት ናት ብዬ ስቆጥር፣ በጓዳው አልጋ ላይ ያሉትን ሽማግሌ አልቆጠርኳቸውም።

እሳቸው አዩኝ። «ልጄ፣ ሶሲ ደህና ናት? ጠፋችብን፤ እንዳው አላሁ ያሽራት» አሉ። አዎ አባባ አልኩ።

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች። ልጄ ይሻላታል፤ በዚህ ጉዳይ ግራ መጋባቴ አበቃ። አሁን የሚያደናግረኝ ሌላ ነው። በስኳር ገዢ ፊት ስሟን ያጠፋሁትን ሴት ምን ብዬ እጀምራታለሁ? ይቅርታ ስል በስንት ሰው ፊት ነው? ነገ እሄዳለሁ።

መጋቢት 20፣ ቅዳሜ

አልሄድኩም። ደረጀ መጥቷል አልኩ። ደረጀ ተኝቷል።

መጋቢት 21፣ እሑድ። ከጠዋቱ 4፡30

ዒድ ነው። ከማለዳው ተክቢራ ይሰማል። በዓሉ ጾማችን ላይ ሲውል ዘሃራ ሥጋውን ትታ የጾም ዳቦ ትልክልናለች፣ ሁልጊዜ። ዘንድሮ አልጠበቅኩም። ማን ፊት አለው?

በሩ ተንኳኳ። ሐያት ናት፣ አዲስ ቀሚስ ለብሳለች። ሁለት ዳቦ። ትልቁ ለእናንተ፣ ትንሹ ለሶሲ አለችና ሮጠች። ትንሹ ላይ በሱቅ ወረቀት የተጻፈ ነገር ተሰክቷል። የዘሃራ የእጅ ጽሑፍ፤ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ የማውቀው፣ ወደ ላይ የሚወጣው፦

«ዱቄት። ውሃ። እርሾ። ጨው። ጥቁር አዝሙድ። መጋገሪያውን በዘይት ነው ያሰስኩት፣ ቅቤ ነክቶት አያውቅም። ቢላዋውም የራሱ ነው። ወተት የለበትም፣ ወላሂ።»

የተበላውን ብቻ አይደለም። የነካውንም ጽፋለች። እኔ በአንድ ወር ያልጻፍኩትን። እና ወላሂ ብላለች። ለጎረቤቷ ዳቦ ስትልክ መማል ያስፈለጋት በኔ ምክንያት ነው።

ሶሲን አዝዬ፣ በነጠላ ጫማ፣ ወጣሁ።

ያው ቀን። ከቀኑ 8፡00

እንግዳ ሞልቷል። የሰደብኳት ሰው ፊት ነው፣ ይቅርታውም ሰው ፊት ነው አልኩና በሩ ላይ ቆሜ አውፍ በይኝ አልኳት። ቅቤው እንደሆነ፣ እኔው እንደሆንኩ፣ ሁሉንም ተናገርኩ።

ዘሃራ፣ «ክርኗን አሳይኝ» አለች።

አሳየኋት። በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። ለስልሷል አለች። ዓይኗ እንባ አዝሏል፣ እኔን ግን አላየችኝም። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም። ቦርሳዋን ነገ ይዘሽ ነይ፣ የልጅ ቦታ መዝገብ ቤት አይደለም አለች። ስወጣ ደግሞ ከኋላዬ፣ ዒድ ሙባረክ አይባልም እንዴ አገራችሁ አለች። ጋሽ ሰይድ ሳቁ።

አሁን ቤት ነኝ። ሶሲ ትንሹን ዳቦ ይዛ ተኝታለች። ገጽህን በማስመሪያ ሁለት ቦታ ከፈልኩት። በአንዱ በኩል የበላችው፣ በሌላው የነካት። ነገ 2፡15 ላይ ከሶሲ ጋር አንተንም ለዘሃራ እሰጣለሁ፤ ቀን ቀን እሷ ትጽፋለች፣ ማታ እኔ።

የመጋቢት 2ንና የመጋቢት 12ን ገጾች ልቀድዳቸው ይዣቸው ነበር። ተውኳቸው። ታንብባቸው።